ሀጂ ሚስባህ የማይምሉበት ዓረፍተ ነገር

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ እስኪሞላ መጠበቅ ትዕግሥትን ይፈትናል። ረዳቱ በር ላይ ቆሞ «ሞልቷል! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጮኻል፤ ውስጥ ያለነው ግን እኔና ልጅ የታቀፈች አንዲት እናት ብቻ ነበርን። ጥሪውን አምነው ከመናኸሪያው በር እየተጣደፉ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገቡና ባዶውን ወንበር ዞር ብለው አዩ።

«አጃኢብ! የሞላው ይሄ ነው?»

«ለመሙላት አስቧል ማለታቸው ነው፤ ይቀመጡ አባቴ» አልኳቸው።

ነጭ ኮፍያ አድርገዋል፤ ሽርጣቸው ከጫማቸው ጋር አንድ ዓይነት አቧራ ለብሷል። ሀጂ ሚስባህ እንደሚባሉ፣ በወረባቦ ወረዳ ጠዶ በር ከምትባል መንደር እንደመጡ ነገሩኝ። እኔም ስሜ ጸጋው መሆኑን፣ ደሴ ውስጥ በአንድ ላቦራቶሪ ውሃ መመርመር ሥራዬ መሆኑን ነገርኳቸው።

«ውሃ ነው የምትመረምረው? እንግዲያው ያገናኘን አላህ ነው» አሉ። «ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠሩ የወረባቦ ልጆች ማኅበር አላቸው። አላህ ይስጣቸው፣ በየዓመቱ የአንድ መንደር ምንጭ ያጎለብታሉ። ዓይኑን በሲሚንቶ ይከድኑና ለሰው ለብቻ ቧንቧ፣ ለከብት ለብቻ ገንዳ ያወጣሉ። ዘንድሮ የእኛ ተራ ነው ብለን ስንጠብቅ ጠዶ በርን ሰረዟት! ጸሐፊያቸው ከሊድ የሚባል ጎረምሳ ነው። ፊት ለፊት ልጠይቀው ነው የምወርደው።»

«የምትጠጡት አሁን ከየት ነው?»

«ከምንጩ ነዋ።»

«ክፍት ነው?»

«ክፍት ነው። ከብቱም የሚጠጣው ከዚያው ነው። ትንሿ የልጅ ልጄ ሱሀይላ ተቅማጥ እየተመላለሰባት እግሯ ክር መስሏል።» ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ወዲያው ግን መለሱትና ቀና አሉ። «የእኛ መንደር እኮ እንዲህ የምትናቅ አይደለችም። ስሟ ኢንተርኔት ላይ ያለ ነው! ስልክህን ክፈትና እየው።»

እዚህ ላይ ስለ አንድ ልማዴ መናገር አለብኝ። ማንም በነጻ የሚያነበው፣ ማንም ገብቶ የሚጽፍበትና የሚያርመው በኢንተርኔት ላይ ያለ መዝገበ ዕውቀት አለ። ከሥራ ስወጣ ስለ አካባቢያችን በአማርኛ የተጻፉትን አጫጭር መጣጥፎች አነባለሁ። አንዳንዱ ሦስት መስመር፣ አንዳንዱ አምስት ነው። ዓረፍተ ነገሩን በየተራ እይዝና ሦስት ነገር እጠይቀዋለሁ፤ ምን አለ? ከየት አገኘው? አንባቢስ ሄዶ ሊያጣራው ይችላል? የሚታረመውን አርማለሁ፣ የማይታረመውን አወጣለሁ። ባለቤቴ «ደመወዝ የሌለው ጠብ» ትለዋለች። አልተሳሳተችም፤ ያወጣሁትን ውዳሴ በማግስቱ አንዱ መልሶ ይጽፈዋል፣ እኔም መልሼ አወጣዋለሁ።

ሚኒባሱ በመጨረሻ ሞልቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ መውረድ ሲጀምር ጠዶ በርን ፈለግሁ። እውነትም አለች። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው፦

«ጠዶ በር በወረባቦ ወረዳ ከቢስቲማ ትንሽ አለፍ ብላ የምትገኝ ታዋቂና ውብ መንደር ናት። ሕዝቧ ከጥንት ጀምሮ እንግዳ ተቀባይ ነው። በበጋም በክረምትም መኪና ይገባባታል። ንጹህ የመጠጥ ውሃ በደጇ ይፈልቃል። አየሯ ለጤና ተስማሚ ነው።»

እኔ ሳነብ የሀጂ ከንፈር አብሮኝ ይንቀሳቀስ ነበር። ጽሑፉን በቃላቸው ያውቁታል።

«የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ተናገርኩ፣ የልጄ ልጅ ከይሪያ በስልኳ ጻፈችው። አያምርም?»

ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም።

«ሀጂ፣ ንጹህ የመጠጥ ውሃ ይፈልቃል ይላል።»

«ይላል።»

«ቅድም የነገሩኝ ምንጭ ነው?»

«እሱው ነው።»

«ከብት የሚገባበት?»

«ይፈልቃል አልኩ እንጂ ከብት አይገባበትም አልኩ?»

በረጅሙ ተነፈስኩ። «ይሁን። ከቢስቲማ ትንሽ አለፍ ብላ ማለት ምን ያህል ነው?»

«ለሚሄድ ሰው ቅርብ ነው።»

«በእግር ምን ያህል ያስኬዳል?»

«ፈጅር ሰግደህ ከተነሣህ ለዙሁር ትደርሳለህ።»

«ግማሽ ቀን እኮ ነው! ክረምት ላይስ መኪና ይገባል?»

«ክረምቱ ሲወጣ ይገባል» አሉ፣ ቅር ሳይላቸው።

ከፊታችን የተቀመጠው ሰውዬ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ግን አልሳቅሁም። በወሎ ገጠር የተመላለሰ ሰው ይህን ልማድ ያውቀዋል። ደክሞህ መንገድ ስትጠይቅ «እዚችው ናት፣ ደርሰሃል» ይሉሃል፤ ከዚያ ሁለት ሸለቆ ወርደህ ትወጣለህ። የነገረህ ሰው ውሸታም ሆኖ አይደለም፤ አዝኖልህ ነው። ሀጂ ሚስባህም መንደራቸውን የጻፏት መንገደኛ በሚሸኙበት አንደበት ነው። ይህንኑ ብነግራቸው ተቆጡ።

«ታዲያ መንገደኛውን ሩቅ ነው ብለህ ልቡን ትሰብራለህ?»

«መንገደኛው ከፊትዎ ቆሟል፣ ፊትዎን ያያል፣ ቀጥሎ ሌላ ሰው ይጠይቃል። ጽሑፉን የሚያነበው ግን አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል። እንዳዘኑለት በምን ያውቃል? ያዩትን የነገሩት ይመስለዋል።»

«አንተ ልጅ፣ ሰው መንደሩን ቢያሞግስ ምን ይጎዳል? ማን ሞተ?»

መልሱ ኮምቦልቻ ላይ እንደሚጠብቀን ሁለታችንም አላወቅንም። የእኔ ጉዳይ ሌላ ቦታ ነበር፤ ነገር ግን ክርክሩን ሳልጨርስ መለየት አልሆነልኝም፣ ተከተልኳቸው።

ከሊድን ከፋብሪካው አጠገብ ባለች ሻይ ቤት አገኘነው። የማታ ፈረቃ ሠርቶ የወጣ፣ ከቅንድቡ ላይ የጥጥ ብናኝ ያልጠረገ ወጣት ነው። ከኮሌጅ በዲፕሎማ የተመረቀ ነው፤ ትውልዱ ከዚያው ወረዳ ቢሆንም ከወዲያኛው ጫፍ ስለሆነ ጠዶ በርን ረግጧት አያውቅም። ለሀጂ ተነሥቶ ሰላምታ ሰጠ፣ ትከሻቸውን ሳመ፤ እኔንም በስሜ አስተዋወቁትና ሻይ አዘዘ።

ሀጂ ሻዩን አልነኩትም። «ምን አጠፋን? ከልጆቻችን የማን ልጅ ይበልጣል?»

«አባ ሀጂ፣ አልተበላለጠም። ሁሉም መንደር ውሃ የለንም ይላል። የሁሉንም ቃል ብሰማ ለማን ልፈርድ ነው? ስለዚህ ሰው ያላስገደደው፣ በጽሑፍ የሰፈረ መረጃ ፈለግሁ። የእናንተ ግልጽ ነው።» ስልኩን አወጣና ዘረጋላቸው። «ንጹህ የመጠጥ ውሃ በደጇ ይፈልቃል። ንጹህ ውሃ ያለውን አስቀድመን የሌለው ቢቀር ግፍ አይሆንም?»

ሀጂ ስልኩን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ከዚያ እንደገና ስልኩን። ማን እንደጻፈው የሚነግር ሰው አላስፈለገም።

«ያ ረቢ» አሉ ቀስ ብለው።

አሁን ደግሞ ንዴቴ ወደ ወጣቱ ዞረ። «ወንድሜ፣ ይህን ማን ጻፈው ብለህ ጠይቀሃል?»

«መዝገበ ዕውቀት ላይ ነው እኮ ያለው ጋሽ ጸጋው።»

«መዝገበ ዕውቀቱ ከሰማይ አልወረደም። ግርጌው ላይ ምንጭ ተጠቅሷል? መጽሐፍ፣ የወረዳ ሪፖርት፣ አንዳች ነገር?»

ጣቱን በስልኩ ላይ ወደ ታች አንሸራተተ። «የለም።»

«ታዋቂና ውብ የሚል ቃል ስታይ አልጠረጠርክም? የሚለካ ሰው እንዲህ ይጽፋል?»

«አልጠረጠርኩም።»

«የሁሉንም ቃል አልሰማም ብለህ የአንድ ሰው ቃል ነው የሰማኸው። ልዩነቱ በስልክ መምጣቱ ነው። በዓመት አንዴ የሚሠራ ምንጭ በአንዲት ባለቤት በሌላት ዓረፍተ ነገር ትወስናለህ? ሄደህ ብታይ ምን ነበረበት?»

ከሊድ አንገቱን ደፋ። ሀጂ ሊያጽናኑት ፈለጉ መሰል፣ «አብሽር ልጄ፣ የተማረ ሰው ሲቆጣ እንዲህ ነው» አሉት። ይህ ይብስ አናደደኝ።

«በሉ፣ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ» ብዬ ስልኬን አወጣሁ።

የሀጂ መዳፍ ስልኬ ላይ አረፈ።

«ተው። ለማኅበሩ በአፌ እነግራለሁ፤ ጽሑፉን ግን አትንካው።»

«ለምን?»

ወዲያ ወዲህ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ ሀፊዝ ደጋን ከተማ ላይ ልጅ ጠይቆ እሺ ብለውናል። ለይላ ትባላለች። ልጅቷ ቧንቧ ከፍታ ያደገች ናት፣ ወንድሞቿም ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ናቸው። ጠዶ በር ሰው ከከብት ጋር ይጠጣል የሚል ካነበቡ ለውሃ ቀጂነት እህታችንን አንሰጥም ይላሉ። ሁለት ወር ሽማግሌ የላክሁበት ነገር በአንድ መስመር ይፈርሳል።»

ታዲያ ያቺ ዓረፍተ ነገር በውዳሴ ፍቅር ብቻ አልተጻፈችም፤ ለለይላ ወንድሞች የተዘጋጀች ነበረች። ሽማግሌውን ልወቅሳቸው አሰብኩና ተውኩት። ስለ መረጃ ምንጭ አጠቃቀስ፣ ስለ ገለልተኛ አጻጻፍ የማውቀውን ሁሉ ደረደርኩላቸው። አንዱም አልገባቸውም፤ ቢገባቸውም አይቀበሉትም ነበር። ነገሩን የያዘው ከሊድ ነው።

«አባ ሀጂ፣ በድንበር ጠብ ሽማግሌ ሆነው ሲቀመጡ ምስክሩን አስቀድመው ምን ይሉታል?»

«ወላሂ በል እለዋለሁ።»

«እምቢ ካለስ?»

«ቃሉን አልቀበለውም። እግሩን ሰብስቦ ይሂድ።»

«እንግዲያው በእያንዳንዱ መስመር ወላሂ ይበሉልኝ። ካሉ ጋሽ ጸጋው አይነካውም።»

ይህን ማለቱ ድፍረት ነበር። ሀጂ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን፣ ከኪሳቸው አወጡ። «አንብብ» አሉኝ።

«ጠዶ በር በወረባቦ ወረዳ ትገኛለች።»

«ወላሂ።»

«ከቢስቲማ ትንሽ አለፍ ብላ።»

«እሱን ዝለለው።»

«ታዋቂና ውብ ናት።»

«ለእኔ ውብ ናት። ለሌላው…» ትከሻቸውን ነቀነቁ። «ሌላው አልነገረኝም።»

«በክረምት መኪና ይገባባታል።»

«አስተግፊሩላህ። እለፍ።»

«ንጹህ የመጠጥ ውሃ በደጇ ይፈልቃል።»

ሙስበሃው ቆመ። ጣታቸው አንዷ ዶቃ ላይ አረፈ።

«ሱሀይላ አለች» አሉ በመጨረሻ። «በዚህ አልምልም። ሰርዘው።»

ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ስልካቸውን አወጡና ደጋን ደወሉ። የለይላ አባት በሺር አነሱ፤ ሀጂ ጆሯቸው ስለደከመ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው ነበርና ሁላችንም ሰማን።

«በሺር፣ ወንድሜ፣ ከሰው ሳትሰማው ልንገርህ። የጠዶ በር ውሃ ክፍት ነው። ከብቱም ሰውም ከአንድ ላይ ነው የምንጠጣው። ስልክ ላይ ያነበባችሁት የእኔ ቃል ነው፣ ውሸት ነው። ልጅህን የምትከለክለኝ ከሆነ አልቀየምህም።»

ከወዲያኛው ጫፍ ሳቅ መጣ። «ሀጂ፣ ይህንኑ ሊነግሩኝ ነው የደወሉት? ሀፊዝ መጀመሪያ የመጣ ዕለት ነግሮናል! ለይላም ታውቃለች። ምንጩ ካልተሠራ ውሃውን በአህያ የምታመጣው አንተ ነህ ብላ አስፈርማው ነው እሺ ያለችው።»

ሀጂ ስልኩን ዘግተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ልጁ ነግሯቸዋል። ልጅቷ ታውቃለች። ከብቶቹ ራሳቸው ያውቃሉ። ታዲያ እኔ ስዋሽ የኖርኩት ለማን ነው?»

ከሊድ መልሱን ያውቀው ነበር፤ ጨዋ ስለሆነ ስኳሩን ወደ ሀጂ አስጠጋላቸው። የተታለለው እሱ ብቻ ነበር፤ ዋጋውን የከፈሉት ደግሞ የጠዶ በር ልጆች ናቸው።

እዚያው ተቀምጠን መጣጥፉን አረምን። ሀጂ የተሻለ የሚሆን መስሏቸው ወንበራቸውን አስጠጉ። እኔ ግን መንግሥት ያሳተመውን የቀበሌዎች ዝርዝር ፈልጌ አግኝቼ ጠዶ በር በየትኛው ቀበሌ እንዳለች ጻፍኩ፣ ዝርዝሩንም በግርጌ ጠቀስኩ፤ ሌላውን ሁሉ አወጣሁ።

«ይሄው ነው?» አሉ ሀጂ። «አንዲት መስመር! አሻሻልኩ ያልከው ይህን ነው? ራቁቷን አስቀረሃት እኮ!»

«የቀረው የሚጣራ ነው።»

«ውሃው ክፍት መሆኑን ጨምርበት እንጂ። በዚያ እምላለሁ።»

«የእርስዎ መሐላ ለከሊድ ይበቃል፤ ሄዶ ሊያይ ይችላልና። አንባቢ ግን እርስዎን አያውቅም። ታትሞ የወጣ፣ ማንም ሊያየው የሚችል ነገር እስኪገኝ አንጽፍም። ከውሸት ባዶው ይሻላል፤ ባዶው ቦታ ያየው ሰው ቢያንስ ይጠይቃል።»

«አንተ በአላህ አስቸጋሪ ሰው ነህ» አሉኝ። ሻያቸውን ያኔ ጠጡት፤ ቀዝቅዞ ነበር።

ከሊድ በእረፍት ቀኑ ወጣ። ከቢስቲማ በእግሩ ሄዶ ሲመለስ ለሁለት ቀን አነከሰ። ምንጩን አየ፣ ፎቶ አነሣ፣ የከብቱን ኮቴ ከማሰሮዎቹ አጠገብ አየ። ማኅበሩ ግን የዘንድሮውን መንደር ወስኖ ሲሚንቶውን አጓጉዞ ነበርና ጠዶ በር ለሚመጣው ዓመት ተላለፈች። በዚያ መሐል አንድ ክረምት አለፈ፤ ሱሀይላም በዚያ ክረምት ዳግመኛ ታማ ደሴ ሆስፒታል ተኛች። ዳነች፤ ይሁን እንጂ ሀጂ በአልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው ያሉኝን አልረሳም። «ማን ሞተ ብዬህ ነበር። ሊሞት ነበር።»

ከዚያ ወዲህ የተለወጠውን ልናገር። ማኅበሩ የመንደር ጥያቄ ሲመጣለት ሁለት ሰው ሄዶ ሳያይ አይወስንም፤ ያዩትንም በሪፖርት ያሳትማል። ሪፖርቱ ማንም የሚያጣራው የመረጃ ምንጭ ስለሆነ፣ ስለ አካባቢው መንደሮች የተጻፉት አጫጭር መጣጥፎች በእሱ እየታረሙ ነው። አንባቢ መንገዱን ሳይሳሳት ይሄዳል፣ ረጂው ለሚገባው ይሰጣል፣ ተማሪው የሚጠቅሰውን ያገኛል። ከይሪያም በአያቷ አንደበት መጻፍ ትታ ራሷ ትጠይቃለች። የሀጂ ሚስባህ ነገር ግን ከልክ አለፈ። በየጊዜው ይደውሉልኛል፤ «የእገሌ መንደር ጽሑፍ ታዋቂ ይላል፣ ማን አወቃት? አውጣው!» ይሉኛል። ጎረቤቶቻቸው ተማረውባቸዋል። እኔም እንዲሁ።

ምንጩ በሚቀጥለው ዓመት ተሠራ። ለይላ ከገባች በኋላ መሆኑን፣ አህያውንም ሀፊዝ መንዳቱን ሰምቻለሁ። የተከደነውን ምንጭ ፎቶ ከሊድ ላከልኝ፤ ሲሚንቶው ነጭ፣ ቧንቧው ጥርት ያለ ውሃ ያወርዳል። የማኅበሩ ሪፖርት ሊታተም ነበርና ደስ ብሎኝ ለመጣጥፉ አንዲት መስመር አዘጋጀሁ፤ «መንደሯ ንጹህ የመጠጥ ውሃ አላት» የምትል።

በማግስቱ ሀጂ ላቦራቶሪያችን በር ላይ በዘይት ጠርሙስ ውሃ ይዘው ቆመዋል።

«ይህ አይመረመርም» አልኳቸው። «ጠርሙሱ ንጹህ አይደለም፤ ውጤቱ የዘይቱ ይሆናል።» የተቀቀለ ጠርሙስና አይስ ቦክስ ሰጠኋቸው፤ የክዳኑን ውስጥ እንዳይነኩ፣ ቧንቧውን ከፍተው ጥቂት ካፈሰሱ በኋላ እንዲቀዱ፣ በበረዶ አድርገው በዚያው ቀን እንዲያደርሱ ነገርኳቸው። እያጉረመረሙ ያንን ሁሉ መንገድ ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን ከሊድን አስከትለው፣ ጠርሙሱን በአይስ ቦክስ አቅፈው መጡ። ናሙናውን ተቀበልኩና ላስደስታቸው ብዬ ያዘጋጀኋትን መስመር በስልኬ አሳየኋቸው።

ሀጂ አነበቧት። ቅንድባቸው ተሰበሰበ።

«ንጹህ ነው ያለህ ማነው?»

«ፎቶውን አየሁት እኮ ሀጂ፤ ተከድኗል፣ ውሃው ጥርት ያለ ነው…»

«በፎቶ!» ከሊድን ዞረው አዩት፤ እሱ ወደ ኮርኒሱ ያይ ነበር። ሽማግሌው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ሽርጣቸውን አስተካከሉ። «ዓመት ሙሉ ያደረቅኸኝ አንተ አይደለህም? ገብተህ መርምር። እኔ እዚህ ነኝ። ውጤቱ ሳይወጣ አንዲት ቃል ብትጽፍ፣ ወላሂ፣ እኔ ራሴ ነኝ የማወጣው።»

መስመሯን አጠፋሁና ጓንቴን አጠለቅሁ።